ጠርሙሱን ማን ቀዘፈው?

ከመርዶው በፊት በነበረው ቀን አውድማ ላይ ነበርን፤ አባቴ፣ እኔና ጎረቤታችን አያ ጫኔ። ጥምቀት አልፏል፣ ዐቢይ ጾም ገና አልገባም። ስንዴው ተበራይቶ አልቋል፤ የቀረው ማዝራት ብቻ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እማር ነበር። ለዕረፍት ነው የመጣሁት። ቤታችን ከንፋስ መውጫ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ።

በኛ መንደር አውድማ ሲለቀለቅ ጀምሮ ነፋሱ ይታሰባል። በበጋ ከምሥራቅ ይነፍሳል። ስለዚህ የጸዳው ስንዴ በምሥራቅ በኩል ይከመራል፤ ምዕራቡ ለገለባው ይተዋል። አባቴ የቆመው እንደ ወትሮው ነው። ነፋሱ ግን የዚያን ዕለት ከምዕራብ መጣ።

«አባዬ፣ ቦታ እንቀይር» አልኩት።

«ይመለሳል።»

«ባይመለስስ?»

«አምናም እንዲህ ሊያደርግ ቃጥቶት ተመልሷል። አባቴም የቆመ እዚችው ላይ ነው።»

የማዝሪያውን ላይዳ አንሥቶ በተነ። ገለባው ተመልሶ በጸዳው ስንዴ ላይ ወረደ። ደግሞ በተነ። ደግሞ ወረደ። እስከ ማታ ድረስ እንዲህ ሆንን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያጸዳነው ሁሉ ከእብቅ ጋር ተቀላቅሏል፤ አባቴም ከጸጉሩ እስከ ቅንድቡ ገለባ ሆኗል። አያ ጫኔ ላይዳውን ተደግፎ ሳቀበት።

«አድማሱ፣ የልጅህን ማሽን አስመጣና ነፋሱ በየት እንደሚመጣ ይንገረን እንጂ!»

አባቴም ሳቀ። የመጨረሻው ሳቃችን እሱ ነው። ስለዚህ አልረሳውም።

ልጅህ የተባለው ወንድሜ ደምሴ ነው። እናቴ ከወለደቻቸው የተረፍነው እሱና እኔ ብቻ ነን። ልጅ ሳለ የደብራችን አስተዳዳሪ ከሆኑት ከየኔታ ላቀው ዘንድ ዳዊት ደገመ፤ ከዚያም የዘመን አቆጣጠሩን፣ ጾምና በዓል የሚወጣበትን ስሌት ተማረ። የኔታ «ምትኬ ነው» ይሉት ነበር። እሱ ግን ወደ አስኳላ ኮበለለባቸው። የኔታ ይህን አልረሱለትም።

አዲስ አበባ ትምህርቱን ሲጨርስ ባሕር ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ተቀጠረ። ግማሹን ጊዜ ምጽዋ ይሠራል። ግማሹን አዲስ አበባ፣ ኮምፒዩተር በሚባል ማሽን ላይ። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር አንድ ክፍል የሚሞላ ነገር ነው። የነሱም አልነበረም። ሌላ መሥሪያ ቤት ደመወዝ ያሰላበታል፤ ደምሴ የሚተርፈውን ጊዜ እየለመነ ይሠራል።

ለጥምቀት መጥቶ ነበር። ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ ጠየቅሁት።

«አያ ደምሴ፣ እንደው ሥራህ ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።»

«ምን ትላቸዋለህ?»

«ባሕር ይለካል እላለሁ።»

ሳቀ። «መለካቱስ ቀላሉ ነው። እኔ ባሕሩን ወረቀት ላይ በማሳ በማሳ እከፍለዋለሁ። ለእያንዳንዱ ማሳ ነፋሱን፣ ሙቀቱን፣ ጨውነቱን እሰጠዋለሁ። ማሽኑ ውሃው ከየትኛው ማሳ ወደ የትኛው እንደሚሄድ ያሰላል። ዛሬን ይዞ ነገን ያወጣል፤ ነገን ይዞ ከነገ ወዲያን። እንዲህ እያለ ዓመቱን ይጨርስና ወደሚቀጥለው ይሻገራል። የኔ ጥያቄ አንድ ናት፤ ዘንድሮ ከአምና በምን ይለያል?»

አባቴ ከኋላችን ሆኖ ይሰማል። «ያ ሁሉ ማሳ ገብስ ያበቅላል?» አለ።

«አያበቅልም አባዬ።»

«ታዲያ ምኑን አረስከው!»

ደምሴ ከሳቀ በኋላ ፊቱ ተለወጠ። ዝግ ብሎ ነገረን። ቀይ ባሕር ላይ በበጋ ሁለት ነፋሶች አሉ፤ አንዱ ከሰሜን፣ አንዱ ከደቡብ ይመጣል። መሐል ላይ ይገናኛሉ። ምጽዋ የደቡቡ ነፋስ ግዛት ውስጥ ስለሆነች በበጋ ውሃዋ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ሁሉም የሚያውቀው ይህንን ነው።

«ግን መገናኛቸው በየዓመቱ አንድ ቦታ አይቆምም» አለ። «ማሽኑ ዘንድሮ ወደ ደቡብ ይወርዳል ይላል። እንዲያ ከሆነ የምጽዋ ውሃ ዞሮ ወደ ደቡብ ይሄዳል።»

«አለቆችህ አመኑህ?»

«‹እንደ አምናው ነው› አሉኝ። ማሽኑም ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ጠርሙስ እጥላለሁ።»

«የምን ጠርሙስ?»

«አፉ የታሸገ ባዶ ጠርሙስ። የጣልሁበትን ቀን ጽፌ ውስጡ እከታለሁ። ያገኘው ሰው የት እንዳገኘው ይነግረናል። ጠርሙስ ሐሳብ የለው፣ ወገን የለው። ውሃው በወሰደው ይሄዳል።»

በማግስቱ ሄደ።

በኛ አገር መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው። የዚያን ዕለት ውሻው ጮኸና በሩን ከፈትኩ። ደጃፉ ላይ ሰው ቆሟል። ብዙ ሰው። እንደምን አደራችሁ የሚል የለም። ከፊት የቆመው አያ ጫኔ ነው፤ ትናንት ሲስቅ የነበረው። ጋቢውን አጣፍቶ መሬት መሬት ያያል። ገባኝ። ማን እንደሆነ ግን አልገባኝም፤ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግሁም።

አባቴ ከኋላዬ ወጣ። ከጸጉሩ ላይ ገለባው ገና አልተራገፈም።

«አድማሱ» አለ አያ ጫኔ፣ «ደምሴን ባሕር ወስዶታል።»

ስለ እናቴ ጩኸት አልጽፍም። ልጽፈው ሞክሬ ትቼዋለሁ።

አስከሬን ለሌለው ሰው በልብሱ ይለቀሳል። ሜዳው ላይ አልጋ ወጣ። ኮቱ፣ ጋቢው፣ ጫማው ተዘረጋበት። ዕቃውን ይዞ የመጣው ከመሥሪያ ቤቱ የተላከ አቶ ክንፈ የሚባል ሰው ነው። ደግ ሰው ይመስላል፤ ዓይኑ ደም መስሏል። ሽማግሌዎቹ አሟሟቱን ጠየቁት።

«ብቻውን በትንሽ ጀልባ ወጣ» አለ። «ሞተር የላትም። ቀን ላይ ነፋስ በረታ። ሳይመለስ ቀረ። በዚህ ወራት ውሃው ወደ ሰሜን ስለሚሄድ ወደ ሰሜን ፈለግነው። አጣነው። በኋላ ጀልባዋ ባዶዋን በደቡብ በኩል ተገኘች።»

አያ ጫኔ አንገቱን ቀና አደረገ። «ውሃው ወደ ሰሜን የሚሄድ ከሆነ ጀልባዋን ደቡብ ምን አደረሳት?»

«እኛም አልገባንም። የኛ ሰዎች… ቀዝፎ ይሆናል ይላሉ።»

«እኔ ጣና ላይ ታንኳ ዐውቃለሁ» አለ አያ ጫኔ። «ካልቀዘፏት ንቅንቅ አትልም። ነፋስ በርትቶ ሳለ ወደብን በጀርባ አድርጎ፣ ውሃውንም ተቃውሞ የሚቀዝፍ ሰው ምን ፈልጎ ነው?»

ጥያቄዋ በለቅሶው መሐል ከጆሮ ወደ ጆሮ ሄደች። ስትመለስ ጥያቄ አልነበረችም፤ «ራሱን ጥሎ ነው» ሆናለች።

ጥቂት ቆይቶ የኔታ ላቀው አባቴንና ሽማግሌዎቹን ከወይራው ሥር ሰበሰቡ። እኔም ከአባቴ ጎን ቆምኩ።

«አድማሱ፣ ሐዘንህ ሐዘኔ ነው» አሉ። «ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። ሥርዓቱን እኔ አልሠራሁትም። ነገሩ እስኪጣራ እንቆይ።»

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አልነግረውም። ለማያውቅ ግን ልንገረው። ፍትሐት ያልተደረገለት ሰው ቅዳሴ የለውም፣ ተዝካር የለውም፣ ስሙ በቤተ ክርስቲያን አይጠራም። እናቱን «ነፍስ ይማር» የሚላት የለም። እስኪጣራ እንቆይ ይላሉ። ባሕር ውስጥ የቀረን ሰው ማን ሊያጣራው?

አባቴ ራሱን ደፋ።

እኔ ዞሬ ወደ አልጋው ሄድኩ። የማደርገው ጠፍቶኝ ነው። አቶ ክንፈ ሻንጣውን እየዘጋ ነበር። ሻንጣው ውስጥ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ አየሁ።

«ይሄስ?»

«ይሄማ የሥራው ዕቃ ነው። ለለቅሶ ጠርሙስ ማውጣት ነውር መሰለኝና ተውኩት። ደምሴ የጣለው ነው። ከጠፋ በኋላ አንድ ዓሣ አጥማጅ አመጣው። በወጣበት ቀን የጣለው ነው፤ ቀኑ ውስጡ አለ።»

«የት አገኘው?»

«ደቡብ። ከጀልባዋም አልፎ።»

ጠርሙሱን ይዤ ወደ ወይራው ተመለስኩ። እንደነገርኳችሁ… አልነገርኳችሁም ለካ። እኔ ንግግር አይሆንልኝም። ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ትምህርት ቤት እንኳ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም ነበር።

«የኔታ…» አልኩ።

«ዝም በል አንተ ልጅ፤ ሽማግሌ ይናገር» አለ አንዱ።

«የኔታ፣ ጀልባዋን… ጀልባዋን ደምሴ ቀዘፋት እንበል። ይሁን። ይህን ጠርሙስስ ማን ቀዘፈው?»

«የምን ጠርሙስ ነው?»

ነገርኳቸው። እየተንተባተብኩ፣ አንዱን ሁለት ጊዜ እየደገምኩ ነገርኳቸው። በዚያው ቀን ነው የተጣለው። በደቡብ ነው የተገኘው። ጠርሙስ እጅ የለውም። ወደ ደቡብ የወሰደው ውሃው ነው። ጀልባዋንም የወሰዳት ያው ውሃ ነው።

«እንግዳው ውሃው ወደ ሰሜን ይሄዳል ብሏል» አሉ የኔታ።

«አምና ነዋ! ዘንድሮ ዞሯል። ደምሴ ይዞራል ብሎኛል። በጥምቀት፣ እዚሁ መንገድ ላይ።»

«በምን ዐወቀ?»

«በማሽኑ አስልቶ።»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ያልመጣን ነገር መናገር ጥንቆላ ይባላል።»

ያን ጊዜ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ጉሮሮዬ ተከፈተ።

«የኔታ፣ የከርሞ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ያውቃሉ?»

«እንዴታ!»

«ገና ሳይመጣ?»

«አንተ! ከማን ጋር እንደምትነጋገር ዕወቅ!»

«ከአምና ስሌት የተረፈውን ይዘው ዘንድሮን ያወጣሉ። ከዘንድሮ የተረፈውን ይዘው ከርሞን። ጠንቋይ ነዎት ያለዎት የለም። ደምሴ ይህን የተማረው ከእርስዎ ነው! እርስዎ ያስተማሩትን ይዞ ባሕር ዳር ወረደ እንጂ ሌላ ምን አደረገ?»

የኔታ ሲመልሱ ድምፃቸው ቀዝቅዟል።

«የጨረቃ መንገድ የታወቀ ነው። አይስትም። ነፋስ ግን እንዳሻው ነው። ለነፋስ ስሌት የለም።»

እውነታቸውን ነበር። ደምሴም ቢኖር የሚለው ይኸው ነበር።

«ለዚህ እኮ ነው ሄዶ ያየው!» አልኩ። «ማሽኑ ስቶ ይሆን ብሎ ነው በገዛ ዓይኑ ሊያይ የወጣው። ሊሞት የወጣ ሰው ጠርሙስ ያሽጋል? ቀን ይጽፋል?»

አንድ ሽማግሌ ሊቆጣኝ አፉን ሲከፍት አባቴ ቀና አለ። ከጧት ወዲህ ገና መናገሩ ነው።

«ነፋሱ ዘንድሮ ዞሯል» አለ። «ትናንት አውድማዬ ላይ ዞሮብኛል። ይህ ልጄ ‹ቦታ እንቀይር› አለኝ። እኔ በአምናው ቆምኩ። ገለባውን በስንዴዬ ላይ መለሰብኝ። ጫኔ ምስክሬ ነው።» ወደ አቶ ክንፈ አመለከተ። «እነዚያም ልጄን በአምናው ፈለጉት። እሱ ወደ ደቡብ እየሄደ እነሱ ሰሜን ፈለጉት።»

ሁሉም አያ ጫኔን አየው። አያ ጫኔ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ።

«እውነቱን ነው» አለ። «እኔም ስቄበታለሁ። ስለ ታንኳዋ ያልኩትንም አንሥቻለሁ። ጣና ሌላ፣ ባሕር ሌላ።»

የኛ የጋይንት ነፋስና የቀይ ባሕር ነፋስ አንድ ናቸው አልልም። ደምሴ ቢሰማኝ ይስቅብኝ ነበር። የአባቴ ምስክርነት ግን ስለ ነፋሱ አልነበረም። አምና ለዘንድሮ ዋስ እንደማይሆን ነው የመሰከረው፤ ይህን ደግሞ እዚያ ከተሰበሰበው ገበሬ ውስጥ በሰብሉ ከፍሎ ያልተማረው የለም።

እናቴ ከአልጋው አጠገብ ተነሥታ መጣች። የደምሴን ኮት እንደ ሕፃን አቅፋዋለች።

«የኔታ፣ ልጄን ባሕር ቀብሮታል። ስሙን እርስዎ ሊቀብሩት ነው?»

የኔታ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጠርሙሱን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን አንሥተው ውስጡ ያለችውን ወረቀት አዩ። ቀኑ በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈ።

«ይህን ቁጥር እንዲህ አድርጎ መጻፍ ያስለመድኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ ለራሳቸው ነው የሚመስል። ከዚያ ጠርሙሱን መለሱልኝና ወደ አባቴ ዞሩ። «ነገ ጧት ፍትሐት ይደረግለታል። የመገበሪያውን ስንዴ አቅርቡ።»

ሊሄዱ ሲሉ ተመለሱ። «አንተ ግን ሽማግሌ ፊት ድምፅህን አንሥተሃል። ይቅርታ ጠይቅ።»

«ስለ ድምፄ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ስለ ነገሩ ግን አልጠይቅም።»

ከመቋሚያቸው በላይ አዩኝ። ፈገግ ያሉም መሰለኝ። ተሳስቼ ይሆናል።

አሁን ይህን የምታነቡ፣ ሐዘኑ ከዚያ በኋላ ቀለለህ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልቀለለም። ወንድሜ እንደሆነ አልተመለሰም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎችም ውሃው መዞሩን አላመኑም፤ «ልዩ ዓመት ነው» አሉ አሉ። ልዩ ያልሆነ ዓመት የት እንዳዩ አላውቅም። በሰሜን በኩል የፈለጉበትን ቀን ሳስብ ዛሬም እቆጣለሁ፤ ቁጣዬንም ማንም እንዲያበርድልኝ አልፈልግም። «እግዜር ያጽናህ» የሚለኝን እጅ እነሣለሁ። «የተጻፈ ነው፣ ምን ይደረግ» የሚለኝን ግን ዝም አልለውም። አንድ ሰው በጊዜው ቢያምነው ኖሮ ወደ ደቡብ ይፈለግ ነበር። ይህ የተጻፈ አይደለም። ይህ ስንፍና ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የተለወጠው አንድ ነገር ነው። መልሱን እያወቅሁ እጄን ማውረድ ተውኩ። አሁንም እንተባተባለሁ። ተንተባትቤ እጨርሳለሁ። እናንተም በምትወዱት ሰው ላይ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲል ዝም ብላችሁ ራሳችሁን አትድፉ። ጠርሙሱን ማን ቀዘፈው በሉ። አንዲት ነገር ትኖራለች፣ ሁሉም አይቷት ያለፋት። እሷን ይዛችሁ ቁሙ።

የቀረኝ የማግስቱ ጧት ነው።

እናቴ ለመገበሪያ ጎተራውን ከፈተች። የአምናው ስንዴ ነቀዝ ገብቶበታል። ለቅዳሴ የሚሆን ንጹሕ ስንዴ ከቤታችን የለም። ያለው አውድማው ላይ ነው፤ ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ። እኔ ወጣሁ። ነፋሱ አሁንም ከምዕራብ ይመጣል። ላይዳውን አነሣሁ።

አያ ጫኔ ከመንገድ አይቶኝ እየሮጠ መጣ። «ኧረ ነውር ነው ልጄ! ሐዘንተኛ ላይዳ አይይዝም። አምጣው፣ እኔ ላዝራልህ።»

«የወንድሜ መገበሪያ ነው፤ እኔው አዘራዋለሁ» አልኩት።

አያቴና አባቴ ከቆሙበት ተነሣሁ። አውድማውን ተሻግሬ፣ በበጋ ማንም ቆሞበት በማያውቀው በምዕራቡ ጫፍ ቆምኩ። አንድ ላይዳ አንሥቼ በተንኩ። ገለባው ወደ ምሥራቅ ሄደ። ስንዴው እግሬ ሥር ወደቀ።